ደም መልስ የደም ቅዳን ሥራ ሲሠራ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ልብ በሽታ እንድናገር ከኮሚቴው በታዘዝሁ ጊዜ፣ ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ላዳርስ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቱ እንደሚያልቅ ስላወቅሁ፣ ከአባላት መካከል ደጋግሞ የሚነሳውን አንድ ጥያቄ ብቻ መረጥሁ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ «የልቡ ሥር ተዘግቷል ተብሎ ውጭ አገር ሄደ፤ ከእግሩ ሥር ወስደው አዲስ መንገድ ሠሩለት፤ ድኖም መጣ። ታዲያ አዲሱ ሥር በ5 ዓመት በ8 ዓመት ውስጥ እንዴት ተመልሶ ይጠባል?»

ይህ ነገር በለቅሶ ቤት ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚሰማው። አንዱ «ሐኪሙ በደንብ አልሰፋውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «እሱ ራሱ መች አርፎ ተቀመጠ? ጮማውን መች ተወ?» ይላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነትነት ይኖራቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያት ከሁለቱም የተለየ ነው። ያንን አለማወቅ ደግሞ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ ቤተሰብ በሟች ወይም በሐኪም ላይ ቂም ይዞ ይኖራል፣ በሕይወት ያለው በሽተኛ ደግሞ «እኔ እኮ ተሠርቼ ድኛለሁ» እያለ መድኃኒቱን ያቆማል። እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው።

ነገሩን ለመረዳት በትምህርት ቤት የተማርናቸውን ሁለት ስሞች ማስታወስ ይበቃል። ከልብ የሚወጣውን ደም ተሸክሞ የሚሄደው ሥር ደም ቅዳ ይባላል። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ስሞቹን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁ ይባረክ፤ ሥራቸውን ነው የሰየመው። ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ልብ በመታ ቁጥር የሚመጣበትን ግፊት እየተለጠጠና እየተሰበሰበ ይችለዋል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «120 በ80» ተብሎ የሚነገራችሁ ቁጥር የዚሁ የደም ቅዳ ግፊት ነው። ደም መልስ ግን ግድግዳው ስስ ሲሆን፣ ሰው ጋደም ባለ ጊዜ በውስጡ ያለው ግፊት በዚያው መለኪያ 10 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ደሙም ረጋ ብሎ ነው የሚሄድበት። ወደ ኋላ እንዳይመለስም በየመንገዱ ትናንሽ በሮች አሉት።

የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው በላዩ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች አማካይነት ነው። እነዚህ በጠበቡ ጊዜ ከጠበበው ቦታ በላይና በታች የሚያገናኝ ተለዋጭ መንገድ ይሠራል፤ ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይኸው ነው። አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር የተወሰደ ደም መልስ ለዚህ አገልግሎት አውሎ ሥራው በዓለም እንዲስፋፋ አደረገ። የሚወሰደው ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት በቆዳ ሥር የሚሄደው ረጅሙ ሥር ነው። እግር ሌሎች ደም መልሶች ስላሉት ያለ እሱ መኖር ይችላል። ሐኪሙ በሮቹ ደሙን እንዳያግዱ ሥሩን ገልብጦ ይሰፋዋል።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜ ልኩን ረጋ ያለ ደም ሲመልስ የኖረ ስስ ሥር በአንድ ቀን ውስጥ የደም ቅዳ ሥራ ተሰጠው። ከ10 ወደ 120! ገና ክላምፑ ተነስቶ ደሙ ሲለቀቅበት ይወጠራል። ችግሩ የሚጀምረው እንዲያውም ከዚያም በፊት ነው። ከእግር ሲወጣ በዙሪያው ያለው ስብ ተገፎ፣ የራሱ ምግብ የሚመጣባቸው ጥቃቅን ሥሮች ተቆርጠው፣ የሚያፈስ ቀዳዳ እንዳለው ለማየት በመርፌ ፈሳሽ ተነፍቶበት፣ ከዚያም ተራው እስኪደርስ ኦክስጅን ሳያገኝ በሳሕን ውስጥ ይቆያል። ይህ ሁሉ የሥሩን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ሽፋኑ የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው፤ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ ሥሩን ያላላል፣ በግድግዳው ውስጥ ያሉትን የጡንቻ ሕዋሳትም አርፋችሁ ተቀመጡ ይላቸዋል።

ሰውነት ይህንን ሲያይ ቀዶ ሕክምና መሆኑን አያውቅም፤ ቆስያለሁ ነው የሚለው። ለቁስል የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብግነት ይባላል። በተለምዶ «ቁስሉ ተቆጣ» የምንለው ማለት ነው።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ፤ ምሳሌውን የምወስደውም ከራሳችን ዕድር ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባውን የሰማ ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ወንበር ያወርዳል፣ እናቶች ድስት ይጥዳሉ። ድንኳኑ መንገዱን ይዘጋል፤ መኪና አያልፍም፣ ሰውም በጎን እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው። ማንም አያማርርም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ድንኳኑ እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃላ። ግን ጥሩምባ ነፊው በየማለዳው እዚያው በር ላይ እየነፋ ቢውልስ? ሰው መምጣቱን አያቆምም። ድንኳኑ ይሰነብታል፣ ጥቂት ቆይቶ በቆርቆሮ ይታጠራል፣ ከዚያ በጭቃ ይመረጋል። መንገዱ ቀረ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊረዳ የመጣ ነው።

በተተከለው ሥር ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም። በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። በደኅና ጊዜ ታስሮ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ጉዳት ሲደርስ ማሰሪያው ይፈታና ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ተኝተው የነበሩ የዘር መመሪያዎችን ይቀሰቅሳል። ጥሩምባውን የሚያነሳው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ የተባሉ የመልእክት ንጥረ ነገሮችን ወደ ጎረቤቶቹ ይልካል። ኤምሲፒ-1 የሚባለው ደግሞ በደም ውስጥ የሚዞሩትን ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ቦታ ይስባል። ለወትሮው ሙልጭ ያለው የሥሩ ገጽም እንደ ሜንጦ ያሉ መያዣዎችን ያወጣል፤ አይካም-1 እና ቪካም-1 ይባላሉ። ሞኖሳይቶቹ እየተንከባለሉ መጥተው በእነዚህ ይያዙና በሽፋኑ መካከል ሾልከው ወደ ግድግዳው ይገባሉ። ከገቡ በኋላም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ወደ ማክሮፋጅነት ይለወጡና ራሳቸው ሌላ ጥሩምባ ይነፋሉ። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም በተላጠው ገጽ ላይ ተለጥፈው የየራሳቸውን መልእክት ይለቃሉ።

ይህን ሁሉ ጥሪ የሚሰሙት በግድግዳው ውስጥ ያሉት ልሙጥ የጡንቻ ሕዋሳት ናቸው። የእነርሱ ሥራ መኮማተርና መላላት ነበር። ጥሪው ሲበዛባቸው ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ መኮማተሩን ትተው መራባት ይጀምራሉ፣ በዙሪያቸው ያለውን መረብ በኢንዛይም እየቆረጡ ወደ ውስጠኛው ገጽ ይጓዛሉ፣ እዚያም ደርሰው እንደ ጭቃ ያለ ማያያዣ ያመርታሉ። በዚህ የተነሳ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወፍራል፤ የደሙም መንገድ ይጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መወፈሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ስስ ሥር የደም ቅዳን ግፊት ሊችል የሚችለው ትንሽ ሲወፍር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወፍሮ የሚያቆም ሥር ብዙ ዓመት ያገለግላል። አደጋው ጥሪው ሳይቆም ሲቀር ነው። ከዓመት በኋላ በወፈረው ግድግዳ ውስጥ ኮሌስትሮል እየገባ ይከማቻል፤ ማክሮፋጆቹም ይውጡትና በስብ ያብጣሉ። በተፈጥሮ የልብ ሥር ላይ አሥርት ዓመታት የሚፈጀው ነገር በተተከለው ሥር ላይ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል። የሚከማቸውም ነገር ልል ስለሆነ በቀላሉ ተቦርሶ ደም ያረጋል።

ስለዚህ ሐኪሞች ሦስት ጊዜ ይለያሉ። በመጀመሪያው ወር ሥሩ ከተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የረጋ ደም ነው፤ የስፌትም ችግር ካለ የሚታየው ያኔ ነው። ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት የጡንቻ ሕዋሳቱ መራባት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የስቡ ክምችት ነው። ብግነቱ ግን በሦስቱም ውስጥ አለ። አሐዙ ከጥናት ጥናት ቢለያይም፣ ከተተከሉት የእግር ሥሮች መካከል በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ይዘጋሉ ወይም ክፉኛ ይጠባሉ። ስለሆነም በ8 ዓመቱ ሥሩ የተዘጋበትን ሰው «ሐኪሙ አልሰፋውም» ማለት ተገቢ አይደለም።

ከደረት ውስጥ የሚወሰደው ደም ቅዳ ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ደም ቅዳ ስለሆነ አዲስ ሥራ አልተሰጠውም፤ ናይትሪክ ኦክሳይድም በብዛት ያመነጫል። አብዛኞቹ ከ10 ዓመት በኋላም ክፍት ናቸው። የክሊቭላንድ ሐኪሞች በ1986 ባወጡት ጥናት ለዋናው የፊት ሥር ይህ የተደረገላቸው ሰዎች የእግር ሥር ብቻ ከተደረገላቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ መኖራቸውን አሳዩ። «ታዲያ ለምን ሁሉንም በእሱ አይሠሩትም?» የሚል ይኖራል። በደረት ውስጥ ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ የሚጠገኑት ሥሮች ግን ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ናቸው። ስለዚህ የእግሩ ሥር ዛሬም አልቀረም።

ሊቃውንቱ ጥሩምባውን ለማስቆም ምን ሞከሩ? በአይጦች ላይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። አይካም-1 እንዳይኖራቸው ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ የተተከለ ሥር ውፍረቱ ቀንሶ ተገኝቷል። በሰው ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። ከሁሉ የሚታወቀው በአሜሪካ 3,014 የባይፓስ በሽተኞችን ይዞ የተካሄደውና በ2005 የታተመው ጥናት ነው። ሥሩ ከመሰፋቱ በፊት የሕዋሳትን መራባት ያግዳል በተባለ መድኃኒት ውስጥ ተነከረ። ከ12 እስከ 18 ወራት ባለው ጊዜ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ካገኙትም ካላገኙትም ከመቶው 45 ያህሉ ቢያንስ አንድ ክፉኛ የጠበበ ሥር ነበራቸው። ምንም ልዩነት የለም! በእኔ አስተያየት ይህ ውድቀት ትልቅ ትምህርት ነው። ድንኳን ተካዩን ብቻ ይዛችሁ ብታስቀሩት፣ ጥሩምባው እየተነፋ እስከሆነ ድረስ ሌላ ተካይ ይመጣል።

መልእክቱን ራሱን ማገድስ? በ2017 የወጣ ጥናት ከዚህ ቀደም የልብ ድካም ያገኛቸውን ከ10,000 በላይ ሰዎች ይዞ፣ ኢንተርሉኪን-1ን የሚያግድ ካናኪኑማብ የተባለ መርፌ ሞክሮ ነበር። በአንደኛው መጠን የልብና የአንጎል አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰ፤ ኮሌስትሮላቸው ሳይነካ ማለት ነው። ብግነት ብቻውን ጥፋተኛ መሆኑን ያረጋገጠ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን በመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ላይ በዛ። የመንደሩን ጥሩምባ በሙሉ ቀምተህ ብትቆልፍ፣ እሳት የተነሳ ቀን ማን ይጠራል? ጥናቱ የተተከሉ ሥሮችን ለመፈተን የተደረገ አለመሆኑንም ልብ ይሏል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይፈጠር እፈራለሁና። «ብግነት» የሚል ቃል የሰማ ሰው ወዲያው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ የብግነት መድኃኒት ስጡኝ ቢል የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው። እነዚህ ለጥርስና ለወገብ ሕመም የሚያስታግሡ ቢሆኑም፣ የልብ ሥር ለታመመ ሰው የልብ ድካም አደጋን የሚጨምሩ ናቸው፤ አይቡፕሮፌን እንዲያውም የአስፕሪንን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል። ባይፓስ የተሠራ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይነካቸው። አንቲባዮቲክም ለዚህ አይሆንም፤ ይህ ብግነት ተሐዋስያን ያመጡት አይደለም። በ2005 የወጡ፣ እያንዳንዳቸው ከ4,000 በላይ የልብ በሽተኞችን የያዙ ሁለት ጥናቶች አንቲባዮቲክ ለልብ ሥር እንደማይጠቅም አሳይተዋል። ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን በወጥ ውስጥ ብሉት፤ በክኒኑ ምትክ ግን አይሁን።

የሚረዳው ነገር የታወቀና ርካሽ ነው። አስፕሪን ፕላትሌቶቹ እንዳይለጠፉ ያደርጋል። በ2002 በታተመ ከ5,000 በላይ በሽተኞችን የተከታተለ ሥራ፣ ቀዶ ሕክምና በተደረገ በ48 ሰዓት ውስጥ አስፕሪን ከጀመሩት መካከል የሞቱት ከመቶ 1.3 ሲሆኑ፣ ካልጀመሩት መካከል 4 ነበሩ። ክትትል እንጂ በዕጣ የተከፈለ ጥናት ባይሆንም፣ ሐኪሞች አስፕሪንን ቶሎ የሚጀምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ኮሌስትሮልን ከመቀነሳቸውም ሌላ ብግነቱን ረገብ ያደርጋሉ። በ1997 የወጣው 1,351 ባይፓስ የተሠሩ ሰዎችን የያዘ ጥናት እንዳሳየው፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ100 በታች እንዲወርድ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ በሽታው የባሰባቸው ሥሮች ከመቶው 27 ሲሆኑ፣ ከ130 በላይ በቆየባቸው ላይ 39 ነበሩ። «ኮሌስትሮሌ ወርዷል፣ ከእንግዲህ ስታቲኑን ልተው» የሚል ሰው ይህን ያስብ። የወረደው እኮ በክኒኑ ነው። ሲጋራ፣ ያልተያዘ ስኳርና ከፍ ያለ የደም ግፊት ደግሞ በየቀኑ ሽፋኑን እየላጡ ጥሩምባውን የሚያስነፉ ናቸው።

በጾም ጊዜ የጧቱን ክኒን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆዩ፣ ወይም ጨርሶ የሚተዉ አባላት መኖራቸውን አውቃለሁ። ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። የረመዳን ጾም የሚጾሙ ወንድሞችና እኅቶችም እንዲሁ አስቀድመው ይማከሩ። በገዛ እጅ ማቋረጥ ግን አይሆንም።

በቀዶ ሐኪሙም በኩል የሚሠራ ነገር አለ። በስዊድን ኦሬብሮ ከተማ ዶሚንጎስ ሱዛ የተባለ ሐኪም በ1996 ሥሩን በዙሪያው ካለው ስብ ጋር ሳይነኩና ሳይነፉ የማውጣት ዘዴ አስተዋወቀ። ጉዳቱን ከመነሻው ማሳነስ ነው ሐሳቡ። ከ16 ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከተተከሉት 83 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተተከሉት 64 በመቶ ክፍት ሆነው ተገኙ። ጥናቱ አነስተኛ ነበር። በቻይና በ2,655 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2021 የወጣው ሰፊ ጥናት ግን ሐሳቡን ደገፈ፤ በዓመቱ የተዘጉት ሥሮች 3.7 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው ዘዴ 6.5 ነበሩ። ኋላ ከስካንዲኔቪያ የወጣ ጥናት ግልጽ ልዩነት ስላላገኘ ክርክሩ አልተዘጋም። የእግሩ ቁስል በዚህ ዘዴ ቶሎ አለመዳኑም ሌላው ችግር ነው። ወደ ሕክምናው የሚሄድ ሰው «ሥሩ የሚወሰደው እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አባሎቻችንንም ይህ ነገር ይመለከታቸዋል። ለእጥበቱ በክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገናኝተው ይሰፋሉ። ፊስቱላ ይባላል፤ ከወሊድ ፊስቱላ ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኝም። እዚያም ደም መልሱ በድንገት የደም ቅዳ ግፊትና ፍጥነት ይመጣበታል፤ በዚያው መንገድም ይጠባል። በእጅ ሲነኩት እንደ ንብ ድምፅ የሚነዝረው ነገር ደከም ካለ ወይም ከጠፋ፣ የሚቀጥለውን የእጥበት ቀን ሳይጠብቁ ያንኑ ዕለት ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል።

ባይፓስ የተሠራም ሰው ደረጃ ሲወጣ ወይም ሲራመድ የቀድሞው የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተመለሰበት «ጨጓራዬ ነው» ብሎ አይቀመጥ። ሥሩ ጠቦ ሳይዘጋ ከተደረሰበት በቀጭን ቱቦ ሊከፈትና ስቴንት ሊገባበት ይችላል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ሥር እንደተተከለ፣ ከየት እንደተወሰደና ወዴት እንደተሰፋ ነው። ይህ ሁሉ ከሆስፒታል ስትወጡ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ብዙዎቻችን ከሻንጣ ሥር ጥለነዋል። ፈልጉት፤ አንድ ቅጂ አስነሱና ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት። ልጆቻችሁም የት እንዳለ ይወቁ።